ሥራ እያለ ገንዘብ የሌለው ጸሐፊ፦ በፍሪላንስ ጽሑፍና ትርጉም የመኖር ሒሳብ

«ሠርቼ አስረክቤያለሁ። ሁለት ወር ሞላው። ገንዘቡ ግን እስካሁን አልገባም።» በአዲስ አበባ በፍሪላንስ የሚጽፉ፣ የሚተረጉሙና አርትዖት የሚሠሩ ሰዎች ሲገናኙ ወሬው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሥራ አላቸው፤ ሌሊቱን ሲያነጉም ያድራሉ። የቤት ኪራይ በደረሰ ቁጥር ግን ይበደራሉ፤ ሁለት ሦስት ዓመት ታግለውም ወደ ወር ደመወዝ ይመለሳሉ። ይህን በችሎታ ማነስ መተርጎም በሰዎቹ ላይ መፍረድ ነው። ገንዘቡ የሚያፈስሰው ሌላ ቦታ ነው፤ ሥራው በሚለካበት መስፈሪያ፣ ክፍያው በሚመጣበት ወቅትና በወረቀት ላይ ሳይሰፍር በቀረው ቃል።

ከሁሉ በፊት ገንዘቡ የት እንዳለ ማወቅ ይጠቅማል። ጋዜጣና መጽሔት ስም ያስተዋውቃሉ፤ ቤት ግን አያስተዳድሩም። ደህና የሚከፈለው የጸሐፊው ስም በማይታይባቸው ጽሑፎች ላይ ነው። መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች የሥልጠና መመሪያ፣ የፕሮጀክት ሪፖርትና የመስክ ታሪክ ያስጽፋሉ። ተመራማሪዎች መጠይቅና የተሳታፊ ስምምነት ቅጽ ያስተረጉማሉ። የማስታወቂያ ድርጅቶች የሬዲዮና የቴሌቪዥን ስክሪፕት፣ ባንኮች የሞባይል መተግበሪያቸውን ጽሑፍ፣ በዕድሜ የገፉ ባለሀብቶችና ምሁራን የሕይወት ታሪካቸውን ያሠራሉ። በውጭ አገር ደግሞ ሕግ የፈጠረው የአማርኛ ገበያ አለ። የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት፣ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉት ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው (ከሁለቱ ያነሰው) ወደሚናገረው ቋንቋ ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን መተርጎም አለባቸው፤ አማርኛ ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ወደ ተርጓሚው የሚደርሰው በአብዛኛው በትርጉም ኤጀንሲዎች በኩል ነው፤ ኤጀንሲዎቹም የሚከፍሉት በቃል ብዛት ነው።

ቃል በምን ይቆጠራል?

በውጭ ገበያ የትርጉም ዋጋ የሚነገረው በቃል፣ አገር ቤት ደግሞ በገጽ ነው። ሁለቱም ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል።

«ስላልነገርኳቸው» የሚለውን እንውሰድ። በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው ይህንኑ ለማለት ስድስት ቃል ይፈጅበታል። «ከቤታችን» ደግሞ ሦስት። አማርኛ መስተዋድዱን፣ አሉታውን፣ ባለቤቱንና ተሳቢውን ግሡ ላይ አሸክሞ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳል። በዚህ የተነሳ 1,000 ቃል ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንደ ጽሑፉ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ700 እስከ 800 ቃል ይሆናል። አሁን 12,000 ቃል ያለው የሥልጠና መመሪያ በቃል 3 ብር ተስማምተን ወሰድን እንበል። ቆጠራው በእንግሊዝኛው ከሆነ ክፍያው 36,000 ብር ነው። ደንበኛው በመጨረሻ የተረከበውን አማርኛ ቆጥሮ 8,640 ቃል ካገኘ ግን 25,920 ብር ይከፍላል። ሥራው ያው፣ ድካሙ ያው፤ የጠፋው 10,080 ብር ነው። ለዚህ ነው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው ዋጋውን «በምንጩ ጽሑፍ ቃል» ብሎ መጻፍ ያለበት። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ የሚቆጠረው የተተረጎመው እንግሊዝኛ ይሁን። በቀጥታ በአማርኛ ለሚጻፍ ሥራም የእንግሊዝኛውን የቃል ዋጋ እንዳለ መዋስ ራስን በርካሽ መሸጥ ነው።

ገጽም እንደዚሁ ነው። ተርጓሚው በልቡ 250 ቃል ይዞ «በገጽ ይህን ያህል» ይላል፤ ደንበኛው የሚልከው በ10 ነጥብ ፊደል፣ ያለ መስመር ክፍተት የታጨቀ፣ 600 ቃል የያዘ ገጽ ነው። «1 ገጽ ማለት 250 የምንጭ ቃል ነው፤ ሠንጠረዥና የሥዕል መግለጫም ይቆጠራል» የሚል አንድ መስመር በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ማስፈር ጭቅጭቁን ይዘጋዋል። ፋይሉንም ዋጋ ከመስጠት በፊት መክፈት ያስፈልጋል። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ የድሮ ፋይሎች ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል አሰያየም) ስላልሆኑ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይወጣሉ፤ ወደ ዩኒኮድ መቀየሩና መልሶ ማረሙ ራሱን የቻለ ግማሽ ቀን ሥራ ነው። በቃላት መካከል ባዶ ቦታ ሳይተው ሁለት ነጥብ ብቻ የተጠቀመ ጽሑፍም አለ፤ የኮምፒውተሩ ቆጣሪ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር እንደ አንድ ቃል ሊቆጥረው ይችላል።

ስክሪፕት በደቂቃ ይሸጣል። ረጋ ብሎ የሚነበብ የአማርኛ ትረካ በደቂቃ 100 ቃል ገደማ ስለሚሄድ ለ30 ሰከንድ የሬዲዮ ማስታወቂያ 50 ቃል እንኳ ይጣበባል። ከማስረከብ በፊት ጽሑፉን ጮክ ብሎ፣ ሰዓት ይዞ ማንበብ ነው። ይህን ያልሞከረ ጸሐፊ ስቱዲዮ ውስጥ ቆሞ፣ አንባቢው እየጠበቀ ዓረፍተ ነገር ይቆርጣል፤ ያ ሰዓት አይከፈልበትም።

የመጨረሻው ዝቅተኛ ዋጋ

«ስንት ልጠይቅ?» የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ሌላው ስንት ይጠይቃል?» በሚል ይመለሳል። የሌላው ሰው ዋጋ የሌላውን ሰው ኪራይ እንጂ የእኛን አይከፍልም። ሒሳቡን ከቤት መጀመር ይሻላል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ይተካባቸው።

አንድ ቤተሰብ በወር 40,000 ብር ያስፈልገዋል እንበል፤ በዓመት 480,000። ኢንተርኔት፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ፣ ትራንስፖርት፣ ለላፕቶፕ መለወጫ የሚቀመጥ ገንዘብ ተደምሮ በወር 6,000 ቢሆን በዓመት 72,000 ነው። ሥራ ለማይኖርበት ወርና ለሕመም 60,000 ይጨመር። ድምሩ 612,000 ብር ደረሰ። ከገቢው 20 በመቶ ለግብር ይቀመጣል ካልን መግባት ያለበት 765,000 ብር ነው። አሁን ቀኖቹን እንቁጠር። በዓመት በሳምንት 5 ቀን 260 የሥራ ቀን አለ፤ በዓል፣ ሕመምና ዕረፍት 30 ቢወስድ 230 ይቀራል። ከዚህ ውስጥ ደንበኛ ፍለጋ፣ ፕሮፎርማ መላክ፣ ስብሰባና ክፍያ ማሳደድ 40 በመቶውን ይበላዋል። የሚከፈልበት ቀን 138 ብቻ ሆነ። 765,000 ለ138 ሲካፈል በቀን ወደ 5,540 ብር ይመጣል። በጥራት የሚሠራ ተርጓሚ በቀን ከ1,500 እስከ 2,000 ቃል ይጨርሳል፤ ስለዚህ ባለ 250 ቃሉ ገጽ ከ690 እስከ 925 ብር መሆን አለበት ማለት ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት 260 ቀኑን ሙሉ እንደሚከፈልበት በመቁጠር ነው። ያኔ የቀኑ ዋጋ ወደ 2,940 ብር ይወርድና ጸሐፊው ሥራ በበዛለት ቁጥር እየደከመ፣ እየደከመም እየደኸየ ይሄዳል። ይህን ዝቅተኛ ዋጋ ማወቅ ሁሌ እሱን ለመጠየቅ አይደለም። ከእሱ በታች ያለ ሥራ ሲመጣ ለምን እንደሚቀበሉት አውቆ ለመቀበል ነው፦ ለናሙና፣ ለውለታ፣ ወይም ለሚያምኑበት ጉዳይ።

ማሽኑ ከመጣ ወዲህ

ጉግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው በየካቲት 2008 ዓ.ም ነው። ከዚያ በኋላ፣ በተለይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ከተስፋፉ ወዲህ፣ አዲስ ዓይነት ጥያቄ ተለምዷል፦ «ተተርጉሟል፤ አንተ እስቲ ትንሽ አየት አድርግልን።» ዋጋው የእርማት፣ ድካሙ ግን የትርጉም ነው። የማሽን አማርኛ ላይ ላዩን ሲያዩት ያምራል፤ ጉዱ ያለው ከውስጥ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ የሆነው የሁለተኛ መደብ ተውላጠ ስም በአማርኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎና እናንተ ነው። ማሽኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ለነፍሰ ጡር እናት በተዘጋጀ ቅጽ ላይ «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ አራተኛው ጥያቄ ላይ «ወልደህ ታውቃለህ?» ሊል ይችላል። የሐኪም ቤት ቅጽ ላይ ይህ ስድብ ነው፤ መረጃውንም ያበላሻል።

እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ ወዲያው ዋጋ መናገር አያስፈልግም። ከጽሑፉ መካከል (መጀመሪያው ሁልጊዜ ይሻላልና) 300 ቃል መርጦ ሰዓት ይዞ ማረም ነው። የፈጀው ጊዜ ያንኑ 300 ቃል ከባዶ ለመተርጎም ከሚፈጀው ከግማሽ በታች ከሆነ የእርማት ዋጋ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ግን ሥራው ትርጉም ነው፤ የታረመውን ናሙና አያይዞ ይህንኑ ለደንበኛው ማሳየት ከብዙ ክርክር ይሻላል። ደንበኛው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል።

ማሽን እስካሁን በደንብ የማይይዘው ሌላው ነገር ወጥነት ነው፤ የጸሐፊውም ዋጋ ያለው እዚያ ላይ ነው። የአንድ ፕሮጀክት ሰነድ በምዕራፍ 1 «ተጠቃሚዎች»፣ በምዕራፍ 3 «ተገልጋዮች»፣ በአባሪው «ባለመብቶች» ካለ የወረዳው ባለሙያ ሦስት ዓይነት ሰዎች ያሉ ይመስለዋል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ የቃላት መዝገብ መያዝ ይገባል፦ በአንደኛው ረድፍ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በሁለተኛው የተመረጠው አማርኛ፣ በሦስተኛው ምርጫው የማን እንደሆነ። የፊደል ምርጫም ይመዝገብበት። «ሥራ» በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ? «ፀሐይ» ነው «ጸሐይ»? ከስድስት ወር በኋላ ያው ድርጅት ሁለተኛውን መመሪያ ሲያመጣ መዝገቡ ያለው ሰው ሥራውን በፍጥነትም በጥራትም ይጨርሳል። ደንበኛን የሚያቆየው ከሁሉ በላይ ይህ ነው።

ሰኔ፣ ታኅሣሥ እና ባዶዎቹ ወራት

የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። በግንቦትና በሰኔ ያልተነካ በጀት ያለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ መጽሔት፣ ዶክመንታሪና ሪፖርት ያሠራል፤ «በአስቸኳይ» የሚለው ቃል የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። ሐምሌ ሲገባ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ሁሉም ይቀዘቅዛል። በርካታ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ደግሞ ሒሳባቸውን የሚዘጉት በፈረንጆቹ ታኅሣሥ ስለሆነ በእኛ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌላ ጥድፊያ አለ። ስለዚህ የጸሐፊው ገቢ በዓመት ሁለት ጫፍና ሁለት ሸለቆ አለው። ሸለቆው በየዓመቱ እየመጣ ሰዉ ግን በየዓመቱ ይደነግጣል።

እዚህ ላይ ስለ እቁብ አንድ ነገር ማለት ተገቢ ነው። ለጸሐፊ እቁብ ጥሩ ቁጠባ ነው፤ ሆኖም መጣያው በሰኔ ገቢ ከተለካ በነሐሴ ያስጨንቃል። መጣያውን ባለፈው ዓመት በጣም ትንሽ በገባበት ወር መለካት ነው። በሰኔና በታኅሣሥ የሚተርፈውን ደግሞ ለሦስት ወር ወጪ እስኪበቃ ድረስ በተለየ ሒሳብ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ለራስ በየወሩ አንድ ዓይነት «ደመወዝ» መክፈል ነው።

በሰኔ የሚወሰድ ሥራ አደጋ አለው። ርክክቡ ከሰኔ 30 ካለፈ ክፍያው ወደ አዲሱ በጀት ተንከባሎ ወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «መቼ ላስረክብ?» ብቻ ሳይሆን «የክፍያ ጥያቄው እስከ መቼ ለፋይናንስ ክፍል መድረስ አለበት?» የሚልም ይሁን። ቀንና ሰዓትም በግልጽ ይጻፍ፦ ዓመተ ምሕረቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነ፣ «5 ሰዓት» የተባለው በእኛ አቆጣጠር ረፋድ ላይ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ማለትም በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት። በውጭ ካለ ደንበኛ ጋር በዚህች ብቻ የተበላሸ ሥራ ጥቂት አይደለም።

አንድ ገጽ ውል

ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ ሥራው በምን ያህል ቃል፣ በስንት ብር፣ ከ40 እስከ 50 በመቶ ቀብድ፣ ሁለት ዙር እርማት ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ ቀሪው ከርክክብ በኋላ በ15 ወይም በ30 ቀን። ቀብድ መጠየቅ የሚያሳፍራቸው አሉ። ልብስ ሰፊ ያለ ቀብድ ጨርቅ አይቆርጥም፤ አናጺም ቀብድ ሳይቀበል እንጨት አይገዛም። ቀብድ የማይፈቅድ መሥሪያ ቤት ከሆነ ሥራውን በሁለት ወይም በሦስት ርክክብ ከፍሎ እያንዳንዱ በደረሰ ጊዜ እንዲከፈል መስማማት ይቻላል።

«ደስ ካላችሁ በኋላ ትከፍላላችሁ» ከሚል ቃል መጠንቀቅ ነው። ማን ደስ እንደሚለው ካልተጻፈ ጽሑፉ ከኮሚዩኒኬሽን ክፍል ወደ ፕሮግራም ክፍል፣ ከዚያም ወደ ዳይሬክተሩ ሲንከራተት ሁሉም የራሱን አስተያየት ይጨምርበታል፤ ሦስተኛው ሰው የመጀመሪያውን እርማት ይሽራል። አስተያየት የሚሰጠው አንድ ሰው በስሙ ይታወቅ፤ አስተያየቱም ተጠቃሎ በአንድ ፋይል ይምጣ። በ10 ቀን ውስጥ አስተያየት ካልመጣ ሥራው እንደተረከበ ይቆጠራል የሚል ዓረፍተ ነገርም ብዙ ወር ያተርፋል።

የባለቤትነት ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በትዕዛዝ ወይም በቅጥር የተሠራ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ወይም የአዛዡ እንደሆነ ይደነግጋል። ዝምታ ደንበኛውን ይጠቅማል ማለት ነው። ለባንክ ማስታወቂያ ይህ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ለአንድ ዶክመንታሪ የተጻፈው ስክሪፕት መጽሐፍ ሊሆን የሚችል ከሆነ፣ ወይም ለሬዲዮ የተጻፈው ተከታታይ ድራማ ለቴሌቪዥን ሊሸጥ የሚችል ከሆነ ግን «መብቱ ለዚህ ሥርጭት ብቻ የተሰጠ ነው» የሚለው መስመር የዓመታት ገቢ ነው።

ክፍያ ሲዘገይ ጽሑፍ መላክ እንጂ በስልክ መለማመጥ አይበጅም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 መሠረት ባለዕዳው ግዴታውን እንዲፈጽም አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል፤ በቁጥር 1803 ደግሞ ለዘገየ ገንዘብ ሕጋዊው ወለድ ይከፈላል፤ እሱም በዓመት 9 በመቶ ነው። ፍርድ ቤት መሄድ ላያስፈልግ ይችላል። ቀኑን፣ የውሉን ቁጥርና እነዚህን ሁለት አንቀጾች የጠቀሰ አጭር ደብዳቤ ግን ወረቀቱን ከተረሳበት ጠረጴዛ ያስነሳዋል።

ግብር፣ ደረሰኝና ዶላር

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ የሌለው ጸሐፊ ደህና ከሚከፍሉት ደንበኞች ብዙዎቹ አያስተናግዱትም። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ መለያ ቁጥሩን ለማያቀርብ አቅራቢ ከክፍያው 30 በመቶ እንዲቀነስ ደንግጎ ነበር፤ አዋጁ በ2017 ዓ.ም በቁጥር 1395 ስለተሻሻለ በኢንተርኔት ላይ የሚዞሩ የድሮ የግብር ሠንጠረዦችን ይዞ ዋጋ ማውጣት ያሳስታል። ደንበኛው ቅድመ ግብር ሲቀንስ ደረሰኙን በዕለቱ መቀበል ነው፤ ከዓመቱ ግብር ላይ የሚታሰበው በዚያ ደረሰኝ ነውና። ከሌላ ሰው ደረሰኝ ገዝቶ ማቅረብ በአንዳንዶች ዘንድ እንደ ዘዴ ይነገራል፤ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግን የወንጀል ጉዳይ ነው።

ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ጸሐፊ ዋጋ ሲናገር ታክሱን ለይቶ ይናገር። «100,000 ብር» ብሎ ተስማምቶ በኋላ «ታክሱን ያካትታል» ከተባለ በዋጋው ላይ የተደመረው 15 በመቶ ሲወጣ (100,000 ለ1.15 ሲካፈል) በእጁ የሚቀረው 86,957 ብር ነው።

በዶላር የሚሠራ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው። በኢንተርኔት ፍሪላንሰርንና ደንበኛን ከሚያገናኙት ድረ ገጾች ፋይቨር ከሻጩ 20 በመቶ ይወስዳል፤ አፕወርክ ከሚያዝያ 2017 ዓ.ም ወዲህ በአዲስ ውሎች ላይ ከ0 እስከ 15 በመቶ የሚደርስ ክፍያ ይቀንሳል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም ባወጣው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ነዋሪዎች ከውጭ በሚላክላቸው ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ተፈቅዶላቸዋል፤ ለሶፍትዌርና ለመዝገበ ቃላት በዶላር ለሚከፍል ጸሐፊ ይህ እፎይታ ነው። የአሜሪካ ድርጅት ደብልዩ-8ቤን የተባለውን ቅጽ ሲልክ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ከአሜሪካ ውጭ ተቀምጦ የሚሠራ የውጭ ዜጋ መሆንን የሚያረጋግጥ ነው። እዚያው አሜሪካ የሚኖር አማርኛ ተርጓሚ ግን ከገቢ ግብሩ በተጨማሪ 15.3 በመቶ የግል ሠራተኞች ግብር አለበት። ኤጀንሲው ምንም ስለማይቀንስለት በዓመት አራት ጊዜ፣ በሚያዝያ፣ በሰኔ፣ በመስከረምና በጥር አጋማሽ (በፈረንጆች አቆጣጠር)፣ ራሱ አስቦ መክፈል አለበት። ይህን በመጀመሪያው ዓመት የሚረሳ ብዙ ነው።

ዋጋ መጨመርም የሒሳቡ አካል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ላፕቶፑም፣ የቀለም ካርትሪጁም፣ ኪራዩም ተከተሉት። የገጽ ዋጋቸውን በዚያው የተዉ ተርጓሚዎች ሳያውቁት ለደንበኞቻቸው ቅናሽ ሰጥተዋል። ለነባር ደንበኛ ጭማሪ ለማሳወቅ ምቹው ጊዜ ነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜን ነው፤ ሥራው ቀዝቅዟል፣ አዲሱ በጀት እየተደለደለ ነው፣ ዓመቱም እየተቀየረ ነው። ደብዳቤው አራት መስመር ይበቃዋል፦ ለነበረው ሥራ ምስጋና፣ አዲሱ የገጽ ዋጋ፣ ዋጋው ከመስከረም 1 ጀምሮ በሚመጡ ሥራዎች ላይ ብቻ እንደሚሠራ፣ በእጅ ያሉት ደግሞ በነበረው ዋጋ እንደሚያልቁ። የቃላት መዝገቡንም ማያያዝ ይቻላል፤ ደንበኛው ሌላ ሰው ቢፈልግ ምን እንደሚያጣ ያይበታል።